ስምንት ሰዓት በሐይቅ፦ ደሴቱ ላይ መዋል ለምትፈልጉ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በአውቶቡስ የሚጓዙ 14 ሰዎችን ታስተባብራለች። ደሴ ያድራሉ። በማግስቱ ሾፌሩ መኪናውን ደሴ ጋራዥ ስለሚያስገባ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሐይቅ ከተማ አውርዷቸው ይመለሳል። 10 ሰዓት ላይ መጥቶ ወደ ደሴ ይወስዳቸዋል። "ስምንት ሰዓት አለን። ደሴቱ ላይ መዋል እንፈልጋለን። ጀልባው ስንት ሰዓት ይፈጃል? መዋኘትስ ይቻላል? ሙስሊምም ክርስቲያንም ነን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። የ8 እና የ11 ዓመት ልጆችም አሉን። በዚያው ቀን ባቲን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ የሚሉንም አሉ" ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ አስጎብኚ ነኝ። የእናቴ ወገኖች የሐይቅ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ የምከርመው እዚያ ነበር። ስለዚህ እንደ ባለሙያም እንደ አገር ልጅም ልመልስልሽ።

ከባቲ ልነሳ፣ ቶሎ እንዲያልቅ። ተዉት። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። መንገዱ ደግሞ ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሳችሁ ከዚያ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትወርዳላችሁ። ባቲ ራሷን የቻለች ቀን ትፈልጋለች። ሁለቱን ባንድ ቀን እናያለን ያሉ እንግዶቼ ሁሉ ያዩት መስኮት ነው። ስምንቱንም ሰዓት ለሐይቅ ስጡት።

አሁን ወደ ደሴቱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ዛሬ ደሴት አይደለም። ድሮ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን ያየው ውሃ ከቦት ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሸሸ። ሐይቁ የሚፈስበት መውጫ የለውም። ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ይመጣለታል፣ ከዙሪያው ተራራም ዝናብ ይወርድለታል፤ የሚመጣው ሲያንስ ፀሐይ የምትወስደው ይበልጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ በአንድ በኩል መሬቱ ብቅ አለና ደሴቱን ከየብስ ጋር አያያዘው። ዛሬ ከከተማው ተነስቶ በእግርም በመኪናም ገዳሙ ድረስ መሄድ ይቻላል።

ስለዚህ "ጀልባው ስንት ሰዓት ይፈጃል" ለሚለው መልሱ፣ ጀልባው መሻገሪያ አይደለም የሚል ነው። ለራሱ ለውሃው ብላችሁ ነው የምትሳፈሩት። ሐይቁ ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው። ገዳሙን በውሃው በኩል ዞሮ ለማየት እና መሃል ገብቶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል። ያቺ ዛፍ የለበሰች መሬት ደሴት ሆና የምትታየውም ከውሃው ላይ ስትሆኑ ብቻ ነው። ከየብስ ከመጣችሁ ተራ ጫካ ትመስላለች። እኔ እንግዳ ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጀልባ ላይ የማወጣው ለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ ዛሬውኑ ለሁሉም ንገሪያቸው። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። የወንዶች ገዳም ነው። ይህን በር ላይ ደርሶ መስማት ያማል። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ቤተሰብ ይዤ ሄጄ ነበር። አያትየዋ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የስለት ጧፍ በጋዜጣ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ይዘዋል። እኔ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም፤ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጧፉን አውጥተው ለልጃቸው ሰጡትና ነጠላቸውን አስተካክለው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሳልናገር ከደሴ ተነስቼ አላውቅም።

እና እናትሽ ስለት ካላት ጧፉን የሚያስገባላት ሰው ማታውኑ ይታወቅ። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ የት እንደሚቆዩም አብሮ ይወሰን። በር ላይ ፀሐይ ላይ አታቁሟቸው። ሐይቁ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ቡና ይፈላላቸው። ወንዶቹም ገዳሙ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ፤ አብሮ የመጣ ሰው ሲለያይ ቀኑ ይጎዳል።

ለገዳሙ ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ የጾም ቀን ከሆነ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ አባቶች ቤተ መቅደስ ናቸው፤ የሚያናግራችሁ አታገኙም። እሑድ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ናቸው። ለሁለቱም የሚስማማው 4 ሰዓት ነው። ረጅም ሱሪ ይለበስ። ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ይወልቃል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አይሆንም ከተባለ አይሆንም ነው። ሙስሊም ወንድሞችም እንደ እንግዳ ገብተው መጎብኘት ይችላሉ። ብቻ አስጎብኚያችሁ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ ቀድሞ አባቶችን ያስፈቅድ።

እዚያ ስትገቡ የት እንደቆማችሁ እወቁ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ትምህርታቸውን ጨርሰው እዚህ መጡ። ቦታውን ገዳምና ትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሳቸው እግር ሥር የተማሩት እዚህ ነው። በትውፊቱ መሠረት በ1270 የነገሠው ይኩኖ አምላክም እዚሁ ተምሯል። ከዚያ በኋላ የሐይቅ መምህር "ዓቃቤ ሰዓት" እየተባለ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ቦታ ነበረው። ዓመቶቹን በፈረንጁ ነው የጻፍኩት። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጻፉት ወንጌልም አለ፤ 1280 ወይም 1281 ላይ የተጻፈ። በሥዕል ካጌጡና ዘመናቸው ከሚታወቅ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከቀደሙት አንዱ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለመጣ ሁሉ አይገለጥም፤ መገለጥም የለበትም። ጣት ሲበዛበት ብራናው ያልቃል። ያሳዩአችሁን በአክብሮት እዩ፤ ያላሳዩአችሁን አትጨቅጭቁ።

የጀልባውን ነገር በዝርዝር ልንገርሽ፣ ልጆችና እናት ስላሉ። ጠዋት ሂዱ። ጠዋት ውሃው መስተዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ጀልባውን ጎኑን ይመታዋል፣ ልጅ ይፈራል፣ ትልቅ ሰው ያቅለሸልሸዋል። እኔ ከ6 ሰዓት በኋላ ልጅ ይዤ አልሳፈርም። ከመሳፈራችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። 14 ሰው ከሆናችሁ 14 ጃኬት፤ 12 ከሆነ ሁለት ዙር ይሁን። የልጅ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ። ትልቅ ጃኬት ልጅ ላይ ዋጋ የለውም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ላይ ይወጣል። ልጁን አልብሳችሁ ጃኬቱን ከትከሻው ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ከወጣ አይሆነውም። ያን ጊዜ ማንም ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

ዋጋውንም ውሃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን መሬት ላይ ጨርሱት። በሰው ነው በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃው ብቻ? ስንት ደቂቃ? እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ የተስማማ ሰው ሲጨቃጨቅ አይቼ አላውቅም። የጀልባ ሰዎቹ ጥሩ ልጆች ናቸው። ባለፈው ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ይዤ ነበር። ልጁ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና ትከሻውን አዘንብሎ፣ "አብሽሩ እማማ፣ እኔ ላይ ይደገፉ" አላቸው። እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ገቡ። እናትሽም ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ትቀመጥ። ጀልባው የሚነጥረው ፊቱ ነው።

መሃል ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉልን በሉት። ለልጆቹ ተረቱን የምትነግሪያቸው ያኔ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። ልዕልቲቱ በደለቻት። እግዚአብሔር ስለ ሴትየዋ ተቆጣ፤ ዙሪያውን ያለውን ምድር በሙሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ከነጓደኞቿ ሰጠመች። ሴትየዋ የተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት ብቻ ሳትሰጥም ቀረች። ደሴቷ ያቺ ናት። ይህን ስነግራቸው ልጆች ጎንበስ ብለው ወደ ታች ያያሉ፤ ከተማ ይታየን እንደሆነ ብለው። ሴቶቹ ደግሞ ዝም ብለው ያቺን ዛፍ የለበሰች መሬት ያያሉ።

ወደ መዋኘቱ ስመጣ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ሰው ይህን ነገር ስለሚያቃልለው ነው። ሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ቀንድ አውጣዋ የምትኖረው ዳር ዳሩን ነው፤ ቄጠማና ሣር ባለበት፣ ውሃው ረጋ ባለበት። ልጅ መንቦጫረቅ የሚወደውም እዚያው ነው። ከቀንድ አውጣዋ የሚወጣው ትል በዓይን አይታይም። ቆዳን በስቶ ለመግባት ቁስል አይፈልግም፤ ደቂቃዎች ይበቁታል።

እኔ 11 ዓመቴ ላይ ይዞኛል። ክረምቱን ሙሉ ከአጎቶቼ ልጆች ጋር ዳር ላይ ስንንቦጫረቅ ከርመን ነበር። ደሴ ተመልሼ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር፣ ሰገራዬ ላይ ደም ታየ። እናቴ መጀመሪያ አሜባ መስሏት ነበር። በምርመራ ተገኘና በእንክብል ዳንኩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን በሽታው የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። እናንተ ያኔ አዲስ አበባ ናችሁ። ሐኪሙ ደግሞ ሐይቅ ገብታችሁ እንደነበር ካልነገራችሁት አያውቅም። ስለዚህ ልጆቹ ሳይታዩ ገብተው ከተገኙ ወዲያው አውጥታችሁ በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አድርቋቸው። ይህ ግን ዋስትና አይሆንም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አስመርምሯቸው። ፊትና እጅ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን ከደሴ ይዛችሁ ኑ። ለሙስሊም ወንድሞችም ውዱ የሚያደርጉበት ውሃ ይሆናል።

"መሃል ገብተን ብንዋኝስ?" የሚሉኝ ጎልማሶች አሉ። መሃል ላይ ቀንድ አውጣ አይበዛም፤ እውነት ነው። ጥልቀቱን ግን ነግሬያችኋለሁ። የሚጠብቅ ዋናተኛም የለም። በገንዳ የዋኘ ሰው በእንዲህ ያለ ውሃ ቶሎ ይደክማል። እኔ አላስገባም።

ስለ ፀሐይዋም ልንገራችሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጋቢ ታስመኛለች። ሐይቅ ዝቅ ትላለች፣ ወደ 2,000 ሜትር ናት፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ አየሩ ይለወጣል። ሹራብ ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፣ በ4 ሰዓት ታወልቁታላችሁ። ነፋሻ ስለሆነ ፀሐይዋ የምታቃጥል አትመስልም፤ ታቃጥላለች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጀልባ ላይ ደግሞ ጥላ የለም፣ ከውሃው የሚመለሰውም አለ። ለልጆቹ ሰፊ ኮፍያና እጅጌው ረጅም ልብስ ይሁን። ቅባት ካላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ቀቧቸው፣ የጆሮ ጫፍ አትርሱ። ለእናትሽ ጃንጥላ ከበቂ በላይ ነው፤ ጀልባው ሲሄድ ግን ይታጠፍ፣ ነፋስ ይገለብጠዋል።

ወሩን አልነገርሽኝም። ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ የዝናብ ልብስ ያዙ፣ የጀልባውንም ነገር ጠዋት ሰማዩን አይታችሁ ወስኑ። የመንገዱን ሁኔታም ማታውኑ ደሴ ላይ ሾፌሮችን ጠይቁ። ከሾፌር የተሻለ መረጃ ያለው የለም።

አሁን ምሳ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነን ብለሽ የጠየቅሽው ደስ አሰኝቶኛል፤ ወሎ ቤቱ እንዲህ ነውና። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ያለበት አገር ነው። ሥጋ ላይ ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው። ሐይቅ ዳር ያ ጥያቄ የለም። ዓሣ አይታረድም። አንድ ትሪ ላይ ሁላችሁም እጃችሁን ትሰዳላችሁ። እኔ ድብልቅ ቡድን ሲኖረኝ ሆን ብዬ ምሳውን ሐይቅ የማደርገው ለዚህ ነው። በጾም ቀን የሚሄዱ ክርስቲያኖች ዓሣ የሚበሉም የማይበሉም አሉ። ለማይበሉት ሽሮና በያይነቱ አስቀድማችሁ እዘዙ።

ጠዋት ስትደርሱ፣ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ነው ምሳ የሚታዘዘው። 14 ሰው በ6 ሰዓት ድንገት ገብቶ ዓሣ ቢል 8 ሰዓት ላይ ይበላል። ቆሮሶ ካለ እሱን እዘዙ፤ ሙሉውን የተጠበሰ። ቆዳው በቢላ ስንጥቅ ስንጥቅ ይደረግና ዘይት ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ጠርዙ ጥርስ ላይ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ዳጣ ወይም ሚጥሚጣ በጎን ይመጣል። አምባዛም ይገኛል። እሱ ሥጋው ወፍራም ነው፣ እሾሁ ጥቂት ነው። ለልጆቹ አምባዛው ይሻላል፤ የቆሮሶው እሾህ ቀጭን ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ጥሬውን ዓሣ ግን ማንም ቢጋብዛችሁ እለፉት።

ከምሳ በኋላ ምንም አታቅዱ። ከልቤ ነው። 7 ሰዓት ላይ "አሁን ደግሞ አርዲቦ እንሂድ" የሚል ሰው ይነሳል። አርዲቦ ቆንጆ ነው፤ ግን ሌላ ቀን። ሰጋጆቹ ዙህርን ይስገዱ፤ ቀኑ ዓርብ ከሆነ ከተማው ላይ ጁምዓ የሚደርሱበትን ጊዜ አስቀድማችሁ አስቡበት። ሌላው ሰው ጥላ ሥር ይቀመጥ። ቡና ይፈላ። እዚህ አገር ቡና አቦል ጠጥቶ መነሳት የለም፤ ቶናውም በረካውም ይጠጣል። ሦስቱ ስኒ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ያ ሰዓት ለእናትሽ ጉልበትም ለልጆቹ እንቅልፍም ይሆናል። ውሃው ላይ ወፎች አሉ፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ አለ። ልጆቹ ከነቁ እሱን ይዩ።

9 ሰዓት ላይ ዕቃ ይሰብሰብ፣ ሒሳብ ይከፈል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰው አስፋልቱ ጋ ይሁን። ከሐይቁ ዳር እስከ አስፋልቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእናትሽና ለልጆቹ ባጃጅ ያዙላቸው፣ ሌላው በእግሩ ይምጣ። ሾፌራችሁ 10 ሰዓት ካለ 10 ሰዓት ነው። ወደ ደሴ ያለው መንገድ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው፣ ሳይመሽ መውጣት ይሻላል።

አውቶቡስ ውስጥ ስትገቡ እናትሽን በግራ በኩል፣ መስኮቱ ጋ አስቀምጫት። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ሐይቁ በዚያ በኩል ነው የሚታየው። ጠዋት ያየችው ውሃ የማታ ፀሐይ አርፎበት ሌላ መልክ ይኖረዋል። ሾፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ በይው።